ቱርቦው ይነቀል ወይስ ይቆይ? ለዓመታት የቆመ መኪና ጎንደር ላይ ለሚያስነሳ ሰው

አዘዞ፣ አጎቴ ግቢ ውስጥ አንድ ፓጄሮ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሞ ነበር። መጀመሪያ ባትሪው ደከመ። ዛሬ ነገ ሲባል ክረምት ገባ። በሁለተኛው ክረምት ዶሮዎች ከሥሩ ማደር ጀመሩ። በሦስተኛው ዓመት አክስቴ ኮፈኑ ላይ በርበሬ ያሰጡ ነበር። ቆርቆሮው ስለሚግል ቶሎ ያደርቃል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው።

አንድ ቀን አጎቴ "ይሄ መኪና ይነሳ" አሉ። መካኒክ ተጠራ። ኮፈኑን ከፈተ፣ እጁን ሰዶ አንድ ነገር ነካካ፣ ቀና ብሎ "ጋሼ፣ ቱርቦው ሞቷል። ነቅለን እንጣለው፤ ያለ ቱርቦም ይሄዳል" አላቸው። ልብ በሉ፣ ሞተሩ ገና አልተነሳም። ባትሪ እንኳ አልገባለትም።

ይህቺን "ነቅለን እንጣለው" አሮጌ ቱርቦ መኪና ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይሰማታል። አንዳንዴ ልክ ናት። ብዙ ጊዜ ግን ችኮላ ናት። እኔ መካኒክ አይደለሁም። በዚያ ፓጄሮ ሰበብ ግን ሦስት ወር ሙሉ ናፍጣ ናፍጣ ስሸት ከርሜአለሁ። መንቀል፣ ማስጠገን፣ ያገለገለ ቱርቦ መግዛት፣ ሞተር መቀየር፣ እንደቆመ መሸጥ፤ ሁሉንም አውጥተን አውርደናል።

የምናገረው በአብዛኛው ስለ ድሮ ናፍጣ መኪኖች ነው፤ ኮምፒውተር ያልበዛባቸው። የእኛው ፓጄሮ 4ዲ56 የሚባለው የሚትሱቢሺ 2.5 ሊትር ሞተር አለው። የቤንዚን ቱርቦና የአዲሶቹን ናፍጣዎች ነገር ወደ ኋላ ላይ በአጭሩ እነካዋለሁ።

የማይነሳ ሞተር በቱርቦ አይታማም

ቱርቦ ማለት በአንድ ዘንግ የተያያዙ ሁለት ማራገቢያዎች ናቸው። አንዱን ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ያሽከረክረዋል። ሌላው ንጹህ አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ይገፋል። ሞተሩ ካልተነሳ ጭስ የለም፤ ጭስ ከሌለ ቱርቦውም አይዞርም። በሚነሳበት ሰዓት ሞተሩ አየሩን በራሱ ነው የሚስበው። ስለዚህ ቱርቦው ደርቆ ቢጣበቅ እንኳ መኪናው መነሳት ይችላል። አልነሳ ካለ ጥፋቱን ሌላ ቦታ ፈልጉ።

የእኛ መኪና ጥፋት ሦስት ቦታ ነበር። የናፍጣ ታንኩ ውስጥ ውሃ። የናፍጣ ፊልትሮው ውስጥ ጥቁር ዝቃጭ። የአየር ፊልትሮው ቤት ውስጥ ደግሞ የአይጥ ጎጆ፣ ከነገለባው። ጎጆውን ሳናወጣ አስነስተነው ቢሆን ኖሮ ገለባው በቀጥታ ወደ ቱርቦው ይገባ ነበር። ያን ጊዜ የመካኒኩ ትንቢት ይፈጸም ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ስለ ቱርቦው ከመወሰናችሁ በፊት ሞተሩን በወጉ አስነሱት። ወጉ እንዲህ ነው።

ቁልፍ አታዙሩ። ዓመታት የቆመ ሞተር ዘይቱ በሙሉ ወደ ታች ወርዷል፤ ሲሊንደሮቹ ደርቀዋል። "ባትሪ አበድረኝና አሁኑኑ እንሞክረው" የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ሻይ ጋብዙትና አስቀምጡት።

አሮጌውን ዘይት አፍስሱ። ከዘይቱ በፊት ውሃ ከወጣ፣ ወይም ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ እዚያው ቁሙ። ውሃ ወደ ዘይት ገብቷል ማለት ነው። የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ተበልቶ ሊሆን ይችላል፤ ቴስታታው ራሱ ተሰንጥቆም ሊሆን ይችላል። 4ዲ56 በቴስታታ መሰንጠቅ የታወቀ ነው። እንደዚያ ከሆነ የቱርቦው ወሬ ትርፍ ነው፤ ገንዘባችሁን ሌላ ነገር ይጠብቀዋል። ዘይቱ ጥቁር ብቻ ከሆነ እሰየው፣ አዲስ ዘይትና ፊልትሮ አድርጉ።

ማሞቂያ ካንዴላዎቹን ፍቱና በየቀዳዳው አንድ የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሩ። ይደር። በማግስቱ ከፊት ባለው ትልቁ የፑሊ ብሎን ላይ ቁልፍ አስገብታችሁ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩት። እኛ ስናዞረው መጀመሪያ እምቢ አለ። አጎቴ "ጫን በለው" አሉኝ። አልጫንኩትም፤ ዘይት ጨምረን ሌላ ሌሊት አሳደርነው። በሦስተኛው ቀን እንደ ቂም የያዘ ሰው ቀስ እያለ ለቀቀ።

ቺንጊያው ላይ አትለማመጡ። 4ዲ56 ጥርስ ያላቸው ሁለት ቺንጊያዎች አሉት። ትልቁ የቫልቮቹን ጊዜ ይጠብቃል። ትንሿ የሞተሩን ንዝረት የሚቀንሱትን ዘንጎች ታዞራለች። ትንሿ ስትበጠስ ቁራጯ ትልቁ ውስጥ ትገባለች። ትልቁ ሲዘል ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ። ጎማ ቆሞም ያረጃል። ብታዩት ደህና ቢመስልም ሁለቱንም ቀይሩ። ከዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ "ለጊዜው ይቆይ" የማይባለው ይሄ ነው።

ናፍጣውን በሙሉ አውጡ። የቆየ ናፍጣ ውሃ ይይዛል፤ በውሃውና በናፍጣው መገናኛ ላይ ደግሞ ተሐዋስያን ይራባሉ፣ አተላ ይሠራሉ። ለመጀመሪያው ቀን ታንኩን ጭራሽ አትጠቀሙ። ከወዳጅ መኪና ሦስት አራት ሊትር ንጹህ ናፍጣ ቀድታችሁ በቢጫ ጀሪካን ከሞተሩ አጠገብ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከዚያ በቀጭን ላስቲክ በአዲስ ፊልትሮ በኩል ናፍጣ ወደ ሲሊንደሮቹ ወደሚገፋው ፖምፓ ስጡ። በጀሪካን የምትሰጡት የታንኩ ዝቃጭ ፖምፓውንና ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች እንዳይበላባችሁ ነው። የፖምፓ ጥገና ከቱርቦ ጥገና በላይ ሊያስለቅሳችሁ ይችላል።

አሁን ቱርቦውን አጠጡት። ከላይ ዘይት የምታመጣለትን ቀጭን ቱቦ ፍቱ። ከፋርማሲ 20 ሲሲ ሲሪንጅ ግዙና ንጹህ የሞተር ዘይት በቀዳዳው ቀስ አድርጋችሁ ስጡት። በአየር መግቢያው በኩል ጣት ሰዳችሁ ማራገቢያውን ጥቂት ዙር አሽከርክሩት። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ግን ብዙ ቱርቦ የሚሞተው ይህ ባለመደረጉ ነው። ሥራ ላይ ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ የሚንሳፈፈውም በስስ የዘይት ንጣፍ ላይ ነው። ለዓመታት የደረቀ ዘንግ ዘይት ሳይደርሰው ከዞረ ራሱን ይፍቃል።

ከዚያ ካንዴላዎቹ እንደተፈቱ፣ የፖምፓውን የናፍጣ ማቆሚያ ሽቦ ነቅላችሁ፣ በሞተሪኖ (በማስነሻው) አሥር አሥር ሰከንድ፣ በየመሃሉ እያረፋችሁ አዙሩት። የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ። ሲጠፋ ሁሉን መልሳችሁ ግጠሙ።

ሊነሳ ሲል አንድ ሰው ጠፍጣፋ ጣውላ ይዞ አየር መግቢያው ጋ ይቁም። ቀልድ አይደለም። ቱርቦው ዘይት ወደ ሞተሩ የሚተፋ ከሆነ ናፍጣ ሞተር የራሱን ዘይት እያቃጠለ መጮህ ይጀምራል። ቁልፍ ብታጠፉም አይጠፋም። የሚያቆመው አየሩን መድፈን ነው። በጣውላ እንጂ በእጅ አይሆንም፤ እጅ ይስባል። የእኛው ጣውላ ያዥ የአክስቴ ልጅ ነበር። ሞተሩ በአራተኛው ሙከራ ሲነሳ ደንግጦ ጣውላውን ጥሎ ሮጠ። ደግነቱ አላስፈለገም።

ጭሱን አይታችሁ ቶሎ አትፍረዱ። የጨመራችሁት ዘይት እስኪቃጠል መንደሩ ይጨልማል። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ነዳጅ ሳትረግጡ እንዲሁ ይሥራ።

በእርግጥ ሞቷል?

ሞተሩ ሞቆ፣ ጠፍቶ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ የአየር መግቢያውን ላስቲክ አውጡና የማራገቢያውን አፍንጫ በሁለት ጣት ያዙ። ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትንሽ ቢነቃነቅ አትደንግጡ፤ ዘንጉ በዘይት ላይ የሚንሳፈፍ ስለሆነ በተፈጥሮው እንዲያ ነው። ዋናው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ያለው ነው። ወደ እናንተ ሲጎትቱት የሚታይ መንቀሳቀስ ካለ አልቋል። ክንፎቹ ግድግዳውን ከነኩ፣ ግድግዳው ላይ የመፋቅ ምልክት ካለ፣ ክንፍ ከተሸረፈ፣ እሱም አልቋል።

ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን እንጂ ከየት እንደመጣ አይናገርም። የፒስቶን ፋሻ (ቀለበት) ሊሆን ይችላል፣ የቫልቭ ጎማ ሊሆን ይችላል። ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ ፍቱትና ውስጡን እዩ። ስስ የዘይት ወዝ ያለ ነው። ተጠራቅሞ የሚፈስ ዘይት ካለ ግን ቱርቦውን ጠርጥሩ። ያኔም ቢሆን አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ዘይቱ ለምን መመለሻ አጣ?

የእኛ መልስ እዚህ ላይ ነበር። ከቱርቦው ሥር ዘይቱ ወደ ሞተሩ የሚመለስበት ወፍራም ቱቦ አለ። ስንፈታው ውስጡ እንደ ሬንጅ በጠጠረ ዘይት ተደፍኗል። ትንሿን ጣቴን እንኳ አያሳልፍም። መውረጃ ያጣ ዘይት በሁለቱም ጎን ሾልኮ ይወጣል፤ ያየ ሁሉ "ቱርቦው ሞቷል" ይላል። በሽቦና በናፍጣ አጠብነው፣ አዲስ ጓርኒሲዮን አደረግንለት። አለቀ። ያ ቱርቦ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ሁሉም እንደዚህ ዕድለኛ አይደለም። የእናንተው በእርግጥ ካለቀ ምርጫው አሁን ይጀምራል።

የጎንደር አየር ነገር

ከሌላ ቦታ የሚመጣ ምክር እዚህ የማይሠራበት ምክንያት ከፍታው ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት አንድ እጅ፣ እንዲያውም ትንሽ በበለጠ ያንሳል። ደባርቅ ስትደርሱ 2,800 ሜትር ታልፋላችሁ፤ እዚያ ቅናሹ ወደ ሲሶ ይጠጋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል። አየሩ ሲቀንስ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል።

ቱርቦ ለምን እንደተፈለገ ያወቅሁት ይህን ሳነብ ነው። በ1918 እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭነው ፓይክስ ፒክ የሚባል ተራራ ጫፍ አወጡ። ተራራው 4,300 ሜትር ነው፤ ከራስ ዳሸን ጥቂት ያንሳል። ሞተሩ እዚያ ላይ ከጉልበቱ ሲሶውን ያህል አጣ። ቱርቦ ሲገጠምለት የጠፋው ተመለሰ። እኛ ግን ተራራ ላይ ተቀምጠን ቱርቦ ነቅለን እንጥላለን።

ወደ 4ዲ56 ስንመለስ፣ ይህ ሞተር ያለ ቱርቦም ከፋብሪካ ወጥቷል። ኤል200 ፒክአፕ ላይ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ያለ ቱርቦ መሥራት ይችላል። ችግሩ ያኔ ጉልበቱ ባሕር ዳርቻም ላይ ወደ 75 የፈረስ ጉልበት መሆኑ ነው። ከዚያ ላይ የጎንደርን አየር ቀንሱ፤ 60 እንኳ አይሞላም። የሚጎትተው ፓጄሮ ደግሞ ወደ 2 ቶን የሚጠጋ ነው።

መንቀል

ርካሹ መንገድ ነው፤ ይህን አልክድም። አንድ በያጅ፣ የላሜራ ቁራጭ፣ ቱቦና የአንድ ቀን ተኩል ሥራ ይበቃዋል። ከአዲስ አበባ ዕቃ አትጠብቁም፤ መንገድ ተከፈተ ተዘጋ አትሉም።

ግን ሁለት ዓይነት መንቀል አለ። አንደኛው ቱርቦውን በሙሉ ማውጣት ነው። ጭሱ ከማኒፎልዱ (ከሞተሩ የጭስ መውጫ) ወደ ማርሚታው በተበየደ ቱቦ ይሄዳል፤ አየሩ ከፊልትሮው በቀጥታ ወደ ሞተሩ ይገባል። የዘይት መምጫው ሞተሩ ላይ በብሎን ይደፈናል። መመለሻው ቀዳዳ በላሜራና በጓርኒሲዮን ይዘጋል። ውሃ የሚዞርበት ቱርቦ ከሆነ ሁለቱ የውሃ ላስቲኮች እርስ በርስ ይገናኛሉ።

ሁለተኛው ዓይነት የሰነፍ ነው። ቱርቦው ይከፈታል፣ ማራገቢያዎቹና ዘንጉ ይወጣሉ፣ ባዶ ቀፎው ቦታው ላይ ይቀራል። ከውጭ ሲያዩት ምንም አልተነካም። አንድ ጎረቤታችን መኪናውን እንዲህ አሠርቶ ነበር። የሠራው ሰው የዘይት መምጫውን መድፈን ረሳ። ባዶው ቀፎ ውስጥ ዘይት እየፈሰሰ በማርሚታው ወጣ። ማራኪ ሰፈር ሳይደርስ የዘይት መብራቱ በራ። መብራቱን አይቶ ወዲያው ባያጠፋው ሞተሩ ይሄድ ነበር። ይህን ዓይነቱን አልመክርም። ከነቀላችሁ በሙሉ ንቀሉ።

ከነቀላችሁ በኋላ ፖምፓውን ተዉት የሚላችሁን አትስሙ። የቱርቦ ፖምፓ አናቱ ላይ ቆብ የመሰለ ነገር አለው፤ ቀጭን ላስቲክ ይመጣበታል። የቱርቦው ግፊት ሲጨምር ናፍጣ የሚጨምረው እሱ ነው። ቱርቦው ሲወጣ ግፊት ስለማይመጣ ናፍጣው በራሱ ይቀንሳል። እዚህ ከፍታ ላይ ግን ያም ይበዛል። ጥቁር ጭስ ካልጠፋ የናፍጣ መጠን ብሎኗ ትንሽ ወደ ኋላ ትመለሳለች፤ ሩብ ዙር እንኳ ብዙ ነው። ከመንካታችሁ በፊት በቀለም ምልክት አድርጉባት። ጥቁር ጭስ ውበት ብቻ አይደለም የሚያበላሸው። ያልተመጣጠነ ናፍጣ የጭሱን ሙቀት ያንራል፤ ያንን የሚከፍለው ቴስታታው ነው።

ውጤቱስ? ከፒያሳ አዘዞ ሜዳው ላይ ልዩነቱን ብዙም አታውቁትም። ወደ ጎሃ ኮረብታ ስትወጡ ታውቁታላችሁ። የጎረቤታችን መኪና አራት ሰው ጭኖ ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ ነው የሚጨርሰው። ባጃጅ ሲያልፈው አይቻለሁ። ባለቤቱ ግን አልተማረረም። ቅዳሜ ገበያና ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሄድበት።

ማስጠገን

ብዙ ሰው ቱርቦ ሲባል ሙሉውን አዲስ መግዛት ይመስለዋል። ግድ አይደለም። ሁለቱ ቀንድ አውጣ የመሰሉ ቀፎዎች ደህና ከሆኑ መሃሉ ብቻ ይቀየራል፤ ዘንጉ፣ ኩሽኔታው፣ ማራገቢያዎቹ አንድ ላይ ተመዝነው የተገጠሙበት። ካርትሪጅ ይባላል፤ አንዳንዱ መካኒክ "ልቡ" ይለዋል። ቀፎው ላይ ትንሽ የብረት ታፔላ አለች፤ ቁጥሯን በስልክ ፎቶ አንሱና ለሻጩ ላኩ። "የፓጄሮ ነው" ብቻ ብላችሁ ብታዙ የማይገጥም ይመጣላችኋል።

የቱርቦውን ፋሻና ኩሽኔታ ለብቻ ገዝተን እዚሁ እንግጠም የሚል ሰው ይኖራል። በዚያ ፍጥነት የሚዞር ዘንግ በማሽን መመዘን አለበት። ያልተመዘነ ከሆነ ሲነሳ እንደ ሳይረን ይጮሃል፤ ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። ተመዝኖ የመጣውን ካርትሪጅ እመርጣለሁ።

አዲስ ልብ ከመግጠማችሁ በፊት የፊተኛው ለምን እንደሞተ እወቁ። መምጫ ቱቦው ተደፍኖ ከሆነ አዲሱም ይሞታል። መመለሻው ተደፍኖ ከሆነ አዲሱም ያንጠባጥባል። የዘይት ቱቦዎቹ መጋጠሚያ ላይ ሲልከን አታስቀቡ። ተርፎ ወደ ውስጥ የሚገባው ሲልከን ተቆርሶ ቀዳዳውን ይደፍናል። ወረቀት ወይም የብረት ጓርኒሲዮን ብቻ።

ዋጋው ከመንቀል በብዙ ይበልጣል። ግን መኪናውን እንደ መኪና ይመልስላችኋል። ጎንደር ላይ ለሚኖርና ከከተማ ለሚወጣ ሰው የኔ ምርጫ ይሄ ነው።

ያገለገለ ቱርቦ

ዕድል ነው። ከተበተነ መኪና የወጣ ጥሩ ቱርቦ አለ፤ ታጥቦ የሚያብረቀርቅ ሙት ቱርቦም አለ። ሻጩ ጠረጴዛ ላይ ያንን የሁለት ጣት ፈተና አድርጉ። መታጠቡ እንዲያውም ያጠራጥረኛል፤ የዘይቱን ምልክት ባየው እመርጣለሁ። ሻጩ "ካልሠራ መልስልኝ" ካለ ጥሩ። "ወንድሜ፣ አምነህ ውሰድ" ካለ አልወስድም።

ሞተር መቀየር

ሞተራችሁ ቴስታታውም ፋሻውም ካለቀ ይህ ይታሰባል። እዚህ አካባቢ ያለ ቱርቦ ኖረው የሚያረጁ ሞተሮች አሉ። የሃርድ ቶፕ ላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድ 4.2 ሊትር ነው፤ የድሮው ሃይሉክስ 3ኤል 2.8 ሊትር ነው። ሲፈጠሩ ቱርቦ ስለማያውቁ አያጡትም፤ ጉልበታቸውን ከስፋታቸው ያገኙታል። ችግሩ የሌላ ኩባንያ ሞተር ፓጄሮ ላይ መግጠም ካምቢዮውን፣ መቀመጫውን፣ ሽቦውን ሁሉ መንካት ነው። የሞተር ቁጥሩ ደግሞ ሊብሬው ላይ ተጽፏል። መንገድ ትራንስፖርት ሳትሄዱ ሞተር አትቀይሩ፤ ቦሎ ሲደርስ ያስጠይቃችኋል። ተመሳሳይ 4ዲ56 ካገኛችሁ ግን ከብዙው ጣጣ ትድናላችሁ፤ የቁጥሩ ጉዳይ ብቻ ይቀራል።

እንደቆመ መሸጥ

የማይነሳ መኪና ዋጋ ገዢው በሚፈራው ልክ ነው የሚወርደው። በጀሪካን ናፍጣም ቢሆን ግቢ ውስጥ አስነስታችሁ ብታሳዩት ፍርሃቱ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ልትሸጡም ብትሆኑ ከላይ ያለውን የማስነሳት ሥራ ሥሩ። ቱርቦውን ግን ተዉት፤ ለገዢው ተዉለት።

የቤንዚን ቱርቦ ከሆነ መንቀሉን እርሱት። ቱርቦ የሚገጠምባቸው የድሮ ቤንዚን ሞተሮች ጭመቃቸው ሆን ተብሎ ዝቅ ተደርጓል፤ ቱርቦው ሲወጣ የሚቀረው ደካማ ሞተር ነው፣ ያውም ቤንዚን የሚጠጣ። አዲሶቹ ኮመን ሬል የሚባሉት፣ የናፍጣ አረጫጨታቸውን ኮምፒውተር የሚመራው ሞተሮችም እንዲሁ ናቸው። ኮምፒውተሩ ግፊት ሲያጣ መብራት ያበራል፣ ጉልበት ይቀንሳል፤ ብሎን በማዞር አታታልሉትም።

ማን የቱን ይያዝ?

መኪናው ከፒያሳ፣ ከማራኪ፣ ከአዘዞ የማይወጣ ከሆነ፣ ቱርቦው በእርግጥ ካለቀና ገንዘብ ከሌለ፣ ንቀሉት። በሙሉ ንቀሉት፣ ፖምፓውን አስተካክሉ። ደህና ትኖራላችሁ።

ደባርቅ የምትመላለሱ ከሆነ አትንቀሉ። ደባርቅ ራሱ ዳገት ነው። ሊማሊሞን ወርዳችሁ የምትመለሱ ከሆነማ አታስቡት። በሁለተኛ ማርሽ፣ በጥቁር ጭስ፣ የሙቀት መለኪያውን እያያችሁ ነው የምትወጡት። ከኋላችሁ የሚከተለው ሲኖትራክ ሹፌር የሚላችሁን እዚህ አልጽፈውም።

መተማ ትንሽ ያሳስታል። ቆላ ስለሆነ አየሩ ወፍራም ነው፤ ያለ ቱርቦም መኪናው ወጣት ይሆናል። መውረዱ ቀላል ነው። ጉዱ መመለሱ ላይ ነው፤ በሙቀት ተነስታችሁ፣ ጭነት ይዛችሁ፣ እስከ አይከል ዳገት። እዚያ መስመር ላይ ራዲያተሩ ያልታጠበ መኪና ቱርቦ ኖረውም አልኖረውም ያቆማችኋል።

አጎቴ ደባርቅ እህል ያመላልሳሉ። ስለዚህ ጥያቄው ለእኛ አልከበደም።

ሳልረሳ፣ ሞተሩ ተነሳ ብላችሁ ወዲያው አስፋልት አትውጡ። የፍሬን ዘይት ዓመታት ሲቆይ ውሃ ይጠጣል፤ በሙሉ ቀይሩት። የኋላ ፍሬኖች ከድራሙ ጋር ተጣብቀው ይሆናል። ፍሪሲዮኑም ይጣበቃል፤ ረግጣችሁት ማርሽ ካልገባ እሱ ነው። ጎማ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጎን ላይ አራት አኃዝ አለች። 2316 ካለ በ2016 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር። በእኛ 2008 ዓ.ም. ነው። "እይው፣ የ2016 ነው" ብሎ በእኛ አቆጣጠር ሊያነብልኝ የሞከረ ሻጭ ገጥሞኛል። ስምንት ዓመት ሊያወጣጣኝ!

አዲሱን ዘይት ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ቀይሩት፤ የመጀመሪያው ሞተሩን እንዳጠበ ቁጠሩት። ዳገት ወጥታችሁ ስትቆሙ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ይተንፍስ። የጋለ ቱርቦ ውስጥ የቆመ ዘይት ያርራል። ያን የእኛን መመለሻ ቱቦ የደፈነው ሬንጅ የተፈጠረው እንዲህ ነው ብዬ አስባለሁ፤ አጎቴ ግቢ እንደገቡ ቁልፍ ማጥፋት ይወዱ ነበር። አሁን መሪው ላይ ተቀምጠው እስከ መቶ ይቆጥራሉ። አክስቴ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

ንቀሉት ካላችሁም፣ የነቀላችሁትን ቱርቦ ለቁራሌው አትስጡ። ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ድፈኑ፣ ዘይት ቀቡት፣ በማዳበሪያ ጠቅልላችሁ ከነቱቦዎቹና ከነብሎኖቹ አስቀምጡት። ቀፎው ደህና ከሆነ ልብ ብቻ ገዝታችሁ የምትመልሱበት ቀን ይመጣ ይሆናል። መኪናውን ብትሸጡትም ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።